የመግቢያውን ቀን የሚቆርጡ ሰዎች መናኸሪያ መጥተው ይዩ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚገቡበት ሰሞን ከታሪፍ በላይ ስለሚያስከፍሉ ሹፌሮች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ከተናገረው አብዛኛው እውነት ነው። ሹፌሩ ይጨምራል፣ ረዳቱ ይጨምርበታል፣ ደላላው ደግሞ ላቡን ሳያንጠባጥብ ከሁለቱም ይቀበላል። ጽሑፉ ግን «ስግብግብነት ነው» ብሎ እዚያው ላይ አቆመ። እኔ ከአዲስ አበባ ደሴ ስመላለስ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የሀገር አቋራጭ ሹፌር ነኝ። ስግብግብ ሹፌር አላጣሁም። ይሁንና ስግብግብነት ዓመቱን ሙሉ ያለ ነገር ነው፤ ዋጋው ለምን በዚያች ሳምንት ብቻ እንደሚያብድ መሪ የጨበጠ ሰው ቢያስረዳ ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ የሚጀምረው መናኸሪያ ውስጥ አይደለም፤ ከጥሪ ማስታወቂያው ነው።

ልጅ ዩኒቨርሲቲ የላከ ሁሉ ወረቀቱን ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያረፈበትን ማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ ኑ ይላል። (እኛ ደብረ ብርሃኖች የብርድ ልብስ ፋብሪካ ስላለን በእሱ በኩል አንታማም።) ቀጥሎ ቀኑ ይመጣል፤ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት። ከግርጌው ደግሞ ከተጠቀሰው ቀን ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ አይስተናገድም የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ቀኑ ሳምንት ሲቀረው ነው።

ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር መናኸሪያ ስትደርስ ምን እንደምትሠራ ላስረዳ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በሁለት ቀን 5,000 ተማሪ በአንድ መስመር በኩል ጠራ እንበል። አንድ ትልቅ አውቶቡስ 60 ሰው ቢይዝ ከ80 በላይ አውቶቡስ ይፈልጋል። ያውም ሻንጣው፣ ማዳበሪያው፣ እናት የቋጠረችው በሶና ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬውና ሽሮው ሳይቆጠር ነው። በዚያ መስመር ላይ በአዘቦት ቀን ያን ያህል አውቶቡስ አይሰማራም። ስምሪት ክፍሉ ያለውን መኪና ይመድባል፤ ያ ሲያልቅ ቅጥቅጡ፣ ሚኒባሱ፣ ከሌላ መስመር ሾልኮ የመጣው ሁሉ ይሰለፋል። ከሌላ መስመር የመጣው የእኛን ታሪፍ አይጠይቅም፤ የእሱ ጥያቄ «ምን ያህል ትከፍላላችሁ?» ነው።

አሁን ወደ ባዶ መመለስ ልምጣ። ጋዜጣ የማይጽፈው፣ እኛ ግን ሌሊት ሌሊት የምናሰላው ሂሳብ ይህ ነው። ከአዲስ አበባው ላምበረት መናኸሪያ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃንን አልፈህ ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ይጠብቅሃል፤ ከዋሻው ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ፍሬንህን ታዳምጣለህ፤ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው፣ ከዚያ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ። ሙሉ ጭነህ ስትሄድ ናፍጣውን ሸፍነሃል። ባዶህን ስትመለስ ግን ናፍጣው ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው፣ አቀበቱም ያው ነው። ባለንብረቱ ደግሞ ሂሳብ የሚቀበለው በደርሶ መልስ ነው። ታሪፉ የሚያዋጣው በሁለቱም አቅጣጫ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ባዶ እንደሚመለስ ሲያውቅ የመመለሻውን ከሚሄደው ልጅ ኪስ ይወስዳል። ልክ ነው አላልኩም፤ እንዲህ ነው የሚሆነው እያልኩ ነው። በተለይ የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ሐምሌ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ባዶ ኪሎ ሜትር ቀልድ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ የወሎ ልጅ ጅማ ይመደባል፣ የጅማ ልጅ ደሴ ይመደባል፣ ታዲያ አውቶቡሱ በሁለቱም በኩል እንዴት አይሞላም? መልሱ አጭር ነው፤ ቀናቸው አይገጥምም። እያንዳንዱ ግቢ ቀኑን የሚቆርጠው በራሱ ቢሮ፣ በራሱ የትምህርት ካሌንደር ነው። የደሴው መስመር ልጆቹን ሲጠራ የጅማው ገና አልጠራም። የጅማው ሲጠራ የደሴው ተማሪ ክፍል ውስጥ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። እኔ መንዳት ስጀምር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የእኛው የደብረ ብርሃኑ እንኳ የተከፈተው በ1999 ነው። ያኔ የተማሪ መግቢያ ለመናኸሪያ ከገበያ ቀን የተለየ አልነበረም። አሁን ግን ከጥምቀትና ከፋሲካ የማይተናነስ ጉዞ ነው፤ ልዩነቱ ጥምቀትና ፋሲካ መቼ እንደሚውሉ ስምሪት ክፍሉ አስቀድሞ ማወቁ ነው።

በዓል ካነሳሁ ግሸንን ላንሳ። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚሄደውን ምዕመን የጫነ ሹፌር ሁሉ ይመሰክራል። ያን ያህል ሕዝብ ወደ አንድ አምባ ይወጣል፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ይመለሳል። ሆኖም ስምሪቱ ቀድሞ ይዘጋጃል፣ ከሌሎች መስመሮች አውቶቡስ ይመደባል፣ የመመለሻው ነገርም ከወዲሁ ይታሰባል። ግርግር የለም አልልም፤ አለ። ግን ሰው ሄዶ ይመለሳል። ለታኅሣሥ ቁልቢም እንዲሁ ነው። ለንግሥ በዓል የሚቻል ነገር ለተማሪ የማይቻልበትን ምክንያት እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። ስምሪት ክፍል ያሉትን ልጆች ጠይቄያቸው ነበር። «ጋሼ፣ እኛም እንደ እርስዎ ከፌስቡክ ነው የምንሰማው» አሉኝ።

የምናገረው የሰማሁትን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ልጄ በደቡብ ምዕራብ በኩል ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ሦስተኛ ዓመት ናት። ግቢውን በስም የማልጠራው ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ ስላልሆነ ነው። ራቅ ብላ በመመደቧ ቅር አላለኝም። ልጅ ከእናቷ ጓዳ ወጥታ ሌላ ቋንቋ ሰምታ፣ የሌላ ሰው ምግብ በልታ ብትመለስ ደስ ይለኛል፤ እኔም ሀገሬን ያወቅሁት በመንገድ ነው። የሚያሳስበኝ የአዲስ አበባው ነገር ነው።

ድሮ ከየትም ብትመጣ የምትወርደው መርካቶ አውቶቡስ ተራ ነበር፣ ወደየትም ብትሄድ የምትነሳውም ከዚያው። ትርምሱ ለጉድ ነበር፤ ኪስ አውላቂው፣ ተሸካሚው፣ ጩኸቱ። ኋላ መናኸሪያዎቹ ወደ ከተማው ዳር ተበተኑ። የደሴው መስመር ላምበረት፣ የጅማና የወልቂጤው አየር ጤና፣ የአዳማና የሐዋሳው ቃሊቲ፣ የአምቦው አስኮ ሆነ። ለእኛ ለሹፌሮች ትልቅ እፎይታ ነበር፤ መሀል ከተማ ሳንገባ ጭነን እንወጣለን። ለከተማውም በጀ። የተረሳው ከአንዱ ወርዶ በሌላው የሚሳፈረው መንገደኛ ነው። ያ መንገደኛ ደግሞ በአብዛኛው ተማሪ ነው።

ልጄና ሦስት የዶርም ጓደኞቿ ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ሲመጡ የሆነውን ልንገራችሁ። ግቢው ሁሉንም በአንድ ቀን ለቀቃቸው። ሌሊት 10 ሰዓት መናኸሪያ ደርሰው ተሰለፉ፤ መኪና ያገኙት ረፋድ ላይ ነው። ግቤ በረሃን ወርደው ወጥተው፣ ወልቂጤን፣ ወሊሶን፣ ሰበታን አልፈው አየር ጤና ሲደርሱ ጨልሟል። አንዷ የወልዲያ ልጅ ናት፣ አንዷ የከሚሴ፣ አንዷ የደሴ። የአራቱም መሳፈሪያ ላምበረት ነው፤ ከተማው ምዕራብ ጫፍ ወርደው ምሥራቅ ጫፍ ድረስ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ላምበረት ቢደርሱም ወደ ሰሜን የሚወጣ አውቶቡስ የለም።

ስልክ ደወለችልኝ። «አባዬ፣ በየት በኩል እንሂድ?» አለችኝ። ጦር ኃይሎች ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በቀላል ባቡር መገናኛ፣ ከመገናኛ ላምበረት ቅርብ ነው አልኳት። በካርታ ላይ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ የምሥራቅ ምዕራቡ ባቡር ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በመስቀል አደባባይ በኩል መገናኛን አልፎ አያት ይደርሳል፣ ሳትወርድ ከተማውን ያቋርጣል። በጥቅምት 2008 ሥራ ሲጀምር ከፍተኛው ክፍያ 6 ብር ነበር፤ እኔም ገና በዚያው ሰሞን ለማየት ብዬ ብቻ ከጫፍ ጫፍ ሄጄበታለሁ። ዛሬ ግን ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። ያሉት በሰው ተጨናንቀው ነው የሚመጡት። ልጆቹ ማዳበሪያ ይዘው ሊገቡበት አልቻሉም።

ቀጥለው ሚኒባስ ሞከሩ፤ ከአየር ጤና ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ መገናኛ። ረዳቱ ሻንጣውን አይቶ «እህቴ፣ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ» አላት። ሻንጣው ቦታ ስለሚይዝ በዚህ እንኳ አልፈርድበትም። ሜክሲኮ ሲደርሱ ሰልፉ አደባባዩን ይዞራል። ሜትር ታክሲ እንዳይጠሩ ስልኮቻቸው ባትሪ ዘግተዋል፤ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ የዋለ ስልክ ምን ይቀረዋል? በኮንትራት የጠየቁት ባለ ላዳ የጠራው ዋጋ ለአውቶቡሱ ከከፈሉት ብዙም አይርቅም ነበር። በመጨረሻ አራቱ አዋጥተው ተደራድረው ሄዱ።

ኮተቤ እህቴ አለችኝ። አራቱም እሷ ጋ አደሩ፤ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሽሮ ተሠርቶ። እህቴ «ቤቴ ዶርም ሆነ» እያለች ስትስቅ በስልክ ሰማኋት። በነጋታው ገና ሳይነጋ ላምበረት ነበሩ። የእኔ ልጅ አክስት ስላላት ነው። አክስት የሌላትስ? መናኸሪያ አካባቢ ያለውን አልጋ ቤት እናውቀዋለን፤ በሩን ዘግታ የማትተኛበት፣ ለአንድ ሌሊት የወር የኪስ ገንዘቧን የምትከፍልበት ነው። አጥር ሥር ማዳበሪያቸው ላይ ተቀምጠው የሚያነጉ ልጆችም አይቻለሁ። ሴት ልጅ ያለው ሰው ይህን ሲያነብ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ወደ ድሬዳዋና ሐሮማያ የሚሄዱት በዚህ በኩል ትንሽ ይሻላቸዋል፤ ከ2010 ወዲህ የጅቡቲው ባቡር መንገደኛ ይጭናል። እሱም ቢሆን የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው፤ እንደ ድሮው ለገሐር መሀል ከተማ አይደለም። በጠዋት እዚያ ለመድረስ በዋዜማው አዲስ አበባ ማደር ግድ ነው። ስለዚህ ተመልሰን አክስት ፍለጋ ነው።

እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ የሚማሩትስ? የወንድሜ ልጅ አምስት ኪሎ ነው የሚማረው። ቅዳሜና እሑድ ሲኤምሲ አካባቢ የሰው ልጆች ሒሳብ ያስጠናል፤ ከዚያ በሚያገኘው ነው ኮፒውንና ሳሙናውን የሚችለው። መሄጃው ችግር የለውም። ሲመለስ መገናኛ ላይ ይያዛል። ሰልፉ አንድ ነገር ነው፤ ከሱ የባሰው ታክሲዎቹ መንገዱን ቆርጠው መጫናቸው ነው፤ ታፔላው አራት ኪሎ ይላል፣ ረዳቱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ይላል፣ ቀሪውን እንደገና ትከፍላለህ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ደግሞ መጫኛና ማውረጃው ስለተቀያየረ ከክፍለ ሀገር የመጣ ፍሬሽማን ትናንት የተሳፈረበትን ቦታ ዛሬ አያገኘውም። የእኛው ልጅ ሲመረው በእግሩ ይገባል። አስፋልቱና የእግረኛ መንገዱ አሁን ለመራመድ የሚመች ሆኗል፣ ይህን መካድ አልችልም። ግን የሁለት ሰዓት ትምህርት አስተምሮ ያገኘውን ታክሲ ሲበላበት ማየት ያናድዳል።

አንድ ከባድ ነገር ሳልነካ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን መንገድ አውቃለሁ ብዬ ይህን ብተው ያስተዛዝባል። በ2016 ሰኔ መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። ከዚያ ወዲህ የጎጃምና የጎንደር መስመር ልጅ ያለው ወላጅ አቅሙ ከፈቀደ በአውሮፕላን ይልካል፣ ካልፈቀደ ስልኩን ይዞ ያድራል። ጸጥታውን ማስከበር የእኔ ሙያ አይደለም። የሚገባኝ ይህ ብቻ ነው፤ አንድ ግቢ በየትኛው ቀን እንደሚለቅ ለዓለም ሁሉ በፌስቡክ ከተነገረ፣ ያንን የሚያነበው ወላጅ ብቻ አይደለም። ለመንገድ ጥበቃው ግን በወቅቱ መነገሩን እጠራጠራለሁ። አውቶቡሶቹ ጠዋት በአንድ ላይ ተነስተው ጀምበር ሳትጠልቅ እንዲገቡ ለማድረግ ከሁሉ በፊት በቂ አውቶቡስ በጠዋት መገኘት አለበት። ረፋድ ላይ የተነሳ ሹፌር ጨለማ ውስጥ ይገባል፤ ጨለማን የሚመርጥ ሹፌር የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ነው የምለው? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላልኩም። አዲስ መናኸሪያ ይሠራ፣ አዲስ አውቶቡስ ይገዛ አላልኩም፤ እሱን የሚሉ ብዙ አሉ። ትምህርት ሚኒስቴር የዩኒቨርሲቲዎቹን የመግቢያና የመውጫ ቀን አንድ ላይ አይቶ ቢያጣምረው ይበቃል፤ የሰሜኑ ሲጠራ የደቡብ ምዕራቡም ይጥራ፣ አንዱ ሲለቅ ሌላውም ይልቀቅ፣ አውቶቡሱ ሄዶም መጥቶም ይሞላ። በሁለቱም በኩል የሞላ አውቶቡስ ይዞ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅ ሹፌር ያኔ በእርግጥም ስግብግብ ነው፣ ይቀጣ፤ እኔም እመሰክርበታለሁ። ሁለቱ ቀን ሳምንት ይሁን፤ አንደኛ ዓመት ዛሬ፣ ሁለተኛ ዓመት ከነገ ወዲያ። ከቀኑ ቀድሞ የመጣን ልጅ በር ላይ መመለሱ ደግሞ ለማን እንደሚጠቅም አይገባኝም፤ ዶርሙ ባዶ ነው፣ ልጁ የመጣው ከ600 ኪሎ ሜትር ነው።

ትኬቱን ተማሪው እዚያው ግቢው ውስጥ ይቁረጥ። ዛሬ በቴሌብር ያልተከፈለ ነገር የለም፤ ስምሪት ክፍሉ አንድ ሠራተኛ ልኮ ከሳምንት በፊት ቢመዘግብ ስንት አውቶቡስ እንደሚያስፈልግ ቁጥሩ እጁ ላይ ነው፣ ደላላውም እንጀራው ይዘጋል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ገቢዎችን ከመናኸሪያ በራሳቸው አውቶቡስ ይቀበላሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ለሚወጡትም እንዲሁ ቢያደርጉ፣ አውቶቡሱ ግቢ ገብቶ ቢጭን፣ ልጆቹ በሌሊት ማዳበሪያ ተሸክመው አይሰለፉም ነበር።

የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ቢሮን የምለምነው ደግሞ አንድ ነገር ነው። በነዚያ ሳምንታት ብቻ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከአየር ጤና ላምበረት፣ ከላምበረት ቃሊቲ የሚመላለሱ፣ ሻንጣ የሚጭኑ ጥቂት የከተማ አውቶቡሶች ይመድብ። ግንባራቸው ላይ ከየት መናኸሪያ ወዴት መናኸሪያ እንደሚሄዱ በትልቁ ይጻፍ። ሹፌሩም ረዳቱም ከተማውን ለማያውቅ ልጅ መልስ የሚሰጡ ይሁኑ። አንሶላና ብርድ ልብስ ይዞ የቆመ ልጅ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ከማንም ይለያል፤ እኛ ካየነው አጭበርባሪውም አይቶታል።

የሚቀጥለው ጥሪ ሳይወጣ ይህ ቢታሰብበት መልካም ነው። ቀን ለመቁረጥ በሚቀመጡበት ስብሰባ ላይ ከስምሪት ክፍል አንድ ሰው ይጥሩ፣ አንድ ወንበር ነው። የሚመጣ ከጠፋ እኛ ጡረተኞቹ አለን፤ ጠዋት ጠዋት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት አንጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የሀገር አቋራጭ ሹፌር
ደብረ ብርሃን